አንድ ደንበኛ፣ ዘጠኝ ጣሪያ

በኑዛዜ ልጀምር። ጋዜጠኝነት ተመርቄ የመጀመሪያ ደመወዜን ያገኘሁት ከጋዜጣ አይደለም፤ ከሶላር ነው። ሲቪዬን ይዤ ስንት ዝግጅት ክፍል እንደዞርኩ ቢጻፍ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል፣ ለሌላ ቀን ይቆየን። በመጨረሻ የተቀበለኝ ሶላር የሚገጥም አንድ ድርጅት ነበር። ጣሪያ ላይ መውጣት የእኔ ሥራ አልነበረም (እናቴ ግን እስከ ዛሬ ጣሪያ ላይ ስንጠላጠል የምውል ይመስላታል)። የእኔ ድርሻ ወረቀቱ ነው። ፕሮፎርማ እጽፋለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ፣ የተከላው ሥራ የሚመራበት ሶፍትዌር ውስጥ መረጃ አስገባለሁ።

አንድ ትልቅ ደንበኛ ነበረን፤ ግብረ ሰናይ ድርጅት። ለዘጠኝ ጤና ኬላዎች ሶላር አዘዘን። መብራት፣ ስልክ መሙያ፣ የክትባት ፍሪጅ። ስሙን አልናገርም፤ ነገር ግን በስሙ ውስጥ «ፀሐይ» የሚል ቃል እንዳለ ልንገራችሁ፣ ጉዱ ያለው እዚያ ነውና። እኔ «ፀሐይ» ብዬ መዘገብኩት። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ «ጸሐይ» ብላ መዝግባው ነበር። ሽያጭ ክፍል ያለው ልጅ «ፀሀይ» አለው። አካውንታንታችን ደግሞ «ጸሃይ»። አራታችንም ስናነበው ያው ፀሐይ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን አራት የተለያዩ ደንበኞች ናቸው፤ አራት የማይተዋወቁ ሰዎች።

ከዚያ የሆነውን መገመት አያቅታችሁም። አንዱ ጤና ኬላ በሁለት «ደንበኞች» ስር ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ኖሮ፣ ስቶር ኪፐራችን ሁለት ጊዜ ባትሪ አወጣለት። አይሱዙው ሁለት ጊዜ ተጭኖ እዚያው ሄደ። ዘጠነኛው ጤና ኬላ ጋ ስንደርስ መጋዘኑ ውስጥ ባትሪ የለም። ሌላ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ፈጀ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት አዲሱ ፍሪጅ ፕላስቲኩ ሳይወልቅ ጥግ ላይ ቆሞ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክትባቱን እንደ ድሮው በበረዶ ሣጥን ተሸክማ ከጤና ጣቢያው በእግሯ ታመላልስ ነበር። ስልክ ደውላ «እህቴ፣ ባትሪው መቼ ነው የሚመጣው?» ስትለኝ የመለስኩላት መልስ ዛሬም ያሳፍረኛል። «ሲስተሙ ላይ ደርሷል ይላል» ነበር ያልኳት።

ጋዜጠኛ ሥራ ባይቀጥረውም ጋዜጠኛ ነውና ነገሩን መቆፈር ጀመርኩ። አንድ ደንበኛ ብዙ ቦታ ሲኖረው እንዲህ የሚያተራምሰን ከመቼ ጀምሮ ነው? ከሶፍትዌሩ በፊትስ ሰዎች እንዴት ነበር የሚሠሩት? የቆፈርኩትን እነሆ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላሰልቻችሁም።)

እኔ ሶላር ሲባል በሐሳቤ የሚመጣው አንድ አባወራ፣ አንድ ቤት፣ አንድ ጣሪያ ነበር። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ሶላር መሬት ላይ ያደገው በአባወራ ሳይሆን አንድ ስም ይዘው መቶ ቦታ በተበተኑ ደንበኞች ነው።

ከመጀመሪያው እንነሳ። በኤፕሪል 1954 የአሜሪካው ቤል ቤተ ሙከራ ከሲሊከን የሠራውን የፀሐይ ሴል ለጋዜጠኞች አሳየ። ሦስቱ ተመራማሪዎች ዳሪል ቼፒን፣ ካልቪን ፉለር እና ጄራልድ ፒርሰን ናቸው። ቼፒን ወደዚህ ጉዳይ የገባው የቤት መብራት አስጨንቆት አልነበረም። እርጥበትና ሙቀት በበዛባቸው ሩቅ ቦታዎች የስልክ መስመር ባትሪዎች እየተበላሹ አስቸግረው ስለነበር ሌላ የኃይል ምንጭ ፈልግ ተብሎ ነው። በዓመቱ፣ በ1955፣ ጆርጂያ ግዛት አሜሪከስ በምትባል ከተማ አካባቢ በገጠር የስልክ መስመር ላይ ሞከሩት። ሠራ። ዋጋው ግን የሚቀመስ አልነበረምና ነገሩ ወደ ሰማይ ሄደ። በ1958 ቫንጋርድ 1 የተባለችው ሳተላይት ሴሎቹን ተሸክማ ወጣች። ሰማይ ላይ ማን ዋጋ ይከራከራል!

ወደ መሬት የተመለሰው በ1970ዎቹ ነው። ኤሊየት በርማን የሚባል ኬሚስት በነዳጅ ኩባንያው ኤክሰን ገንዘብ ሶላር ፓወር ኮርፖሬሽን የተባለ ድርጅት አቋቁሞ፣ በ1973 ዋት በ100 ዶላር ይሸጥ የነበረውን ወደ 20 ዶላር አወረደው። ያኔ እነማን ገዙት? ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ የነዳጅ ማውጫ መድረክ ያላቸው ኩባንያዎች፣ መርከብ እንዳይጋጭባቸው በየመድረኩ ላይ መብራት ለሚያበሩበት። የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች፣ ውኃ ላይ ለሚንሳፈፉ ምልክቶቻቸው። የባቡር ድርጅቶች። የስልክ ድርጅቶች። ልብ በሉ፣ ሁሉም አንድ ደንበኛና ብዙ ቦታ ናቸው። ሁሉም ቦታቸው ሰው የማይደርስበት ነው። ተሳስተህ ባትሪ ብትልክ ተመልሶ ለማምጣት ጀልባ ወይም ሄሊኮፕተር ይጠይቃል።

ከእነዚህ ሁሉ ልቤን የወሰደው የአውስትራሊያ የስልክ ድርጅት ነው። የአገሪቱ መካከል በረሃ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከአሊስ ስፕሪንግስ ወደ ቴናንት ክሪክ የማይክሮዌቭ ስልክ መስመር ሲዘረጉ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው መንገድ ላይ 13 የማሰራጫ ጣቢያዎችን በሶላር አቆሙ። ማይክሮዌቭ ማለት ቅብብሎሽ ነው። አንዱ ጣቢያ ድምፁን ተቀብሎ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ከ13ቱ አንዱ ባትሪው ቢያልቅ 12ቱ ደህና ናቸው ብሎ መጽናናት የለም፤ መስመሩ ሁሉ ሞተ። እንግዲህ እነዚያ መሐንዲሶች «ጣቢያ ቁጥር 7 አንድ ፕሮጀክት፣ ጣቢያ ቁጥር 8 ሌላ ፕሮጀክት» ብለው መለያየት አይችሉም። ሁሉንም እንደ አንድ ነገር ማየት ነበረባቸው። ተመሳሳይ ዕቃ፣ ተመሳሳይ አገጣጠም፣ አንዱን የሚጠግን ሰው ሌላውንም ዓይኑን ጨፍኖ እንዲጠግን። በሌላ በኩል ደግሞ እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ ቦታ፣ የራሱ አቧራ፣ የራሱ ሙቀት አለው።

በዚያው ዘመን ማሊ ውስጥ የሆነው ደግሞ ይኸው። በርናር ቨርስፒየረን የሚባሉ ፈረንሳዊ ካህን፣ የሳህል ድርቅ ሕዝቡን ሲፈጀው ጊዜ ማሊ አኳ ቪቫ የሚባል ድርጅት አቋቁመው ጉድጓድ ማስቆፈር ያዙ። በ1977 ናባሶ በምትባል መንደር በሶላር የሚሠራ የውኃ ፓምፕ አስተከሉ። ከዚያ ሌላ መንደር፣ ከዚያ ሌላ። ስለ አባ ቨርስፒየረን ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚወሳው ስለ ፓምፑ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ከተከላው በኋላ ያለው ነው። የራሳቸውን የጥገና ሠራተኞች አሠልጥነው በየመንደሩ እያዞሩ ያስጎበኙ ነበር። በአፍሪካ ስንት የዕርዳታ ፓምፕ ሪባን ተቆርጦለት በዓመቱ የዶሮ ማደሪያ ሆኗል! የእሳቸው የሠራው ፀሐዩ ስለበረታላቸው አይደለም፤ እያንዳንዱ መንደር የት እንዳለ፣ ምን እንደተተከለለት፣ መቼ እንደታየ የሚያውቅ አንድ ቤት ስለነበረ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሚቶ በምትባል የመካከለኛው ኢትዮጵያ መንደር 10.5 ኪሎ ዋት ሶላር ተተከለ። በ1989 ወደ 30 ኪሎ ዋት አድጎ ለመንደሩ ቤቶች፣ ለወፍጮና ለውኃ ፓምፕ ኃይል ሰጠ ይባላል። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ግን ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ውስጥ ሶላር በብዛት የገዛው መንደር አይደለም፤ እንደ አውስትራሊያው ሁሉ ቴሌ ነው። የመብራት መስመር ያልደረሰበት ተራራ ላይ ያለው የቴሌ ጣቢያ በሶላር ይሠራ ነበር። እዚህም አንድ ደንበኛ፣ ብዙ ተራራ።

እንግዲህ ይኼ ሁሉ ያለ ሶፍትዌር እንዴት ተሠራ? እዚህ ላይ የመሥሪያ ቤታችንን መዝገብ ቤት ላስተዋውቃችሁ። የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው (ስማቸውን ብጽፍ ይቆጡኛል)። ድሮ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት 20 ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተዋል። የባትሪው ጉድ የወጣ ቀን ዝም ብለው ሲሰሙን ቆዩና ጠሩኝ።

«ነይማ አንቺ ልጅ። ይኼ ደንበኛችሁ ስንት ነው?»

«አንድ ነው፣ እትዬ።»

«ታዲያ አራት ክላሴር ምን ያደርግለታል?»

ተነሥተው ከመደርደሪያው አንድ ወፍራም ክላሴር አወረዱ። ጀርባው ላይ ቁጥር ተጽፏል። ስም ሳይሆን ቁጥር። ስንከፍተው መጀመሪያው ገጽ ላይ ስለ ደንበኛው ያለው ሁሉ አለ። አድራሻ፣ ስልክ፣ የተፈራረምነው ውል፣ የግብር ከፋይ ቁጥር። ከዚያ በቀይ ካርቶን እየተከፈለ ዘጠኝ ክፍል። እያንዳንዱ ካርቶን አንድ ጤና ኬላ ነው፤ የራሱ የዕቃ ማውጫ፣ የራሱ የርክክብ ቅጽ። «ስም ይሳሳታል፤ ቁጥር አይሳሳትም» አሉኝ። «ደንበኛውን አንዴ ነው የምትጽፊው። ቦታውን ደግሞ በየቦታው።»

እትዬ አያውቁትም እንጂ የነገሩኝ ነገር በኮምፒውተር ዓለም የታወቀ ነው። በ1970 ኤድጋር ኮድ የተባለ የአይቢኤም ተመራማሪ ስለ መረጃ አደረጃጀት አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ዛሬ ባንካችንም፣ አየር መንገዳችንም፣ ቴሌያችንም የሚሠሩበት ዳታቤዝ መሠረቱ እሱ ነው። ቁም ነገሩ ወደ አማርኛ ሲመለስ ከክላሴሩ ብዙም አይርቅም። አንድን ነገር አንድ ቦታ ላይ አንዴ ጻፈው፣ ቁጥር ስጠው፣ ሌሎች እሱን ሲፈልጉ ስሙን ደግመው ከመጻፍ ይልቅ በቁጥሩ ይጥሩት። ስሙ ቢታረም አንድ ቦታ ነው የሚታረመው።

ታዲያ ይኼ ከ1970 ጀምሮ ከታወቀ የሶላር ሶፍትዌሮች ምን ነካቸው? መልሱን የሚሰጠው የሶፍትዌሮቹ የራሳቸው ታሪክ ነው። የመጀመሪያዎቹን የሠሩት ሻጮች አልነበሩም፤ የፊዚክስ ሰዎች ናቸው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ አንድሬ ሜርሙ የተባለ የፊዚክስ ሰው የጀመረው ፒቪሲስት አለ፤ ትልልቅ ጣቢያዎችን የሚያሰሉ መሐንዲሶች ዛሬም ይምሉበታል። በ1999 ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የታዳሽ ኃይል ቤተ ሙከራ ፒቪዋትስን በነፃ በኢንተርኔት ለቀቀ። እነዚህ ፕሮግራሞች የሚጠይቁህ ምንድን ነው? ቦታው የት ነው? ፓነሉ ስንት ዲግሪ አዘንብሏል? ፊቱ ወዴት ዞሯል? ጥላ አለ? ጥያቄያቸው «ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት ይወጣል?» እንጂ «የማን ነው?» አይደለም። ፒቪሲስት ውስጥ «ፕሮጀክት» ሲባል አንድ ቦታና የአየር ንብረቱ ነው። በስሩ «ይህን ፓነል ብናደርግስ፣ ያንን ኢንቨርተር ብናደርግስ» እያልክ የተለያዩ አማራጮችን ትሞክራለህ። ለስሌት የተሠራ ነገር ነውና ለስሌት ግሩም ነው።

ደንበኛ የሚባለው ፍጡር ወደ ሶፍትዌሩ የገባው ከዚያ በኋላ፣ ከሽያጭ ጋር ነው። በ2000 ጀርመን ከጣሪያ ለሚመጣ ኤሌክትሪክ ጥሩ ዋጋ የሚከፍል ሕግ አወጣች። በ2007 ካሊፎርኒያ ለሶላር ተካዮች ትልቅ የድጎማ ፕሮግራም ጀመረች። ገበያው ደራ። በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ ውስጥ የተመሠረተው ሰንጄቪቲ የሚባል ኩባንያ ሰው ሳይልክ፣ መሰላል ሳያቆም፣ ከሳተላይትና ከአውሮፕላን ፎቶ ላይ ጣሪያውን ለክቶ ዋጋ መስጠት ጀመረ። (በ2017 ከሠረ፤ የጀመረው አሠራር ግን አልከሠረም።) የሥራው መለኪያ ጣሪያ ሆነ። አድራሻ አስገባ፣ ጣሪያው ይታይሃል፣ ፓነል ደርድር፣ ፕሮፎርማ ላክ። አንድ አድራሻ፣ አንድ ጣሪያ፣ አንድ ደንበኛ፣ አንድ ፕሮጀክት። አራቱም አንድ ነገር ሆኑ። ለአባወራ ልክ ነው! አንድ ሰው ዘጠኝ ቤት የለውም (ያላቸውን ታውቁ ይሆናል፣ እኔ አላውቅም)።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። ከእነዚህ ሶፍትዌሮች አንዱ፣ ዛሬ በአሜሪካ ገጣሚዎች ዘንድ በጣም የታወቀው አውሮራ ሶላር፣ መነሻው ናይሮቢ ነው። ሳሙኤል አዴየሞ እና ክሪስቶፈር ሆፐር የተባሉት መሥራቾቹ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ናይሮቢ ውስጥ ለአንድ ትምህርት ቤት ሶላር ለማስተከል ይነሣሉ። ተከላው የፈጀው ጥቂት ሳምንታት ነው። ዲዛይኑና ዝግጅቱ ግን ወራት ፈጀ። ችግሩ ጣሪያው ላይ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ መሆኑን ያዩት ያኔ ነው፤ በ2013 ኩባንያውን መሠረቱ። የጎረቤት አገር ወረቀት ሥራ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ወለደ ማለት ነው። እኛም ወረቀት አላጣንም፣ ምን ሆነን ይሆን?

ቀጥሎ ትልልቆቹ ደንበኞች መጡ። መደብሮች፣ መጋዘኖች፣ ትምህርት ቤቶች። «አንድ ጣሪያ አንድ ደንበኛ» የሚለው ልማድ ከእነሱ ጋር ሲጋጭ ምን እንደሚመጣ የሚያሳየኝ በኦገስት 2019 ኒው ዮርክ የቀረበው ክስ ነው። ከሳሽ ዎልማርት፣ ተከሳሽ ቴስላ። ቴስላ ሶላርሲቲ የሚባለውን ገጣሚ ኩባንያ በ2016 ገዝቶ ነበርና ዕዳውም አብሮ መጣ። ከ240 በላይ በሚሆኑ የዎልማርት መደብሮች ጣሪያ ላይ የቴስላ ሶላር ነበረ። ክሱ እንደሚለው ቢያንስ በሰባቱ ላይ እሳት ተነሥቷል። በማርች 2018 ኦሃዮ ውስጥ ቢቨርክሪክ፤ በዚያው ዓመት በሌሎችም ቦታዎች። ዎልማርት ሁሉንም አጥፉልኝ አለ። ጠፉ። በኖቬምበር ካሊፎርኒያ ዩባ ሲቲ ላይ፣ በጠፋው ሶላር ላይ፣ እንደገና እሳት ተነሣ። ክሱ ፍተሻው የሚገባውን በማያውቁ ሰዎች የተደረገ ነው፣ ግድ የለሽነት ነው ይላል። ፍርድ ቤት እውነት ነው ወይም ሐሰት ነው ሳይል በኖቬምበር 2019 ሁለቱ ተስማምተው ዘጉት። ስለዚህ ጥፋቱ የማን ነው የሚለውን እኔም አልፈርድም።

እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። ሰባት እሳት በሰባት ፋይል ውስጥ ቢቀመጥ ሰባት አጋጣሚ ነው። ኦሃዮ ያለው ሰው የኦሃዮውን ያያል፣ ካሊፎርኒያ ያለው የካሊፎርኒያውን። በአንድ ክላሴር ውስጥ፣ በአንድ ደንበኛ ስም ስር፣ ሰባት ቀይ ካርቶን አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጥ ግን አጋጣሚ መሆኑ ቀርቶ ጥያቄ ይሆናል። የትኛው ማያያዣ ነው? ማን ነው የገጠመው? በየትኛው ዓመት? አማዞን ላይ የሆነውም ይኼን ያስታውሰኛል። ከኤፕሪል 2020 እስከ ጁን 2021 ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ሶላር ካላቸው 47 የአማዞን ቦታዎች በስድስቱ ላይ እሳት ወይም የኤሌክትሪክ ፍንዳታ ደረሰ። አማዞን በአሜሪካ ያለውን የጣሪያ ሶላር ሁሉ አጥፍቶ መመርመር ጀመረ። ሁሉንም ለማጥፋት መጀመሪያ ሁሉም የት እንዳለ በአንድ ዝርዝር ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ ቤት አንድ ሰው ደውሎ «የዚህን ደንበኛ ሁሉንም አጥፉ» ቢለን ኖሮ ከአራቱ ፀሐይ የአንዱን ብቻ አጥፍተን «ጨርሰናል» እንል ነበር።

እስካሁን የተናገርኩት ደንበኛውን ስለ መከፋፈል ነው። ተቃራኒውንም በደል ሠርቼዋለሁ፤ ኑዛዜው አላለቀም። ሶፍትዌሩ ላይ «ኮፒ» የምትል ቁልፍ አለች። የመጀመሪያውን ጤና ኬላ በጥንቃቄ ሞላሁ። ቀሪዎቹን ስምንቱን? ኮፒ፣ ኮፒ፣ ኮፒ። ስም ቀየርኩ፣ አበቃ። በአንድ ከሰዓት ስምንት ፕሮጀክት! አለቃዬ ሳይቀር አመሰገነኝ።

ችግሩ የመጀመሪያው ጤና ኬላ ደጋ ላይ፣ ገላጣ ሜዳ ላይ ያለ መሆኑ ነው። ከስምንቱ ሦስቱ ቆላ ናቸው። የእርሳስ ባትሪ ሙቀት አይወድም፤ ገጣሚዎች እንደሚሉት ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። ደጋ ላይ የሚበቃው የባትሪ ሣጥን ቆላ ላይ ምድጃ ነው። አንዱ ደግሞ ትልቅ ዋርካ ስር ነው ያለው። ሕዝቡ የሚሰበሰብበት፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ የሚያምር ዋርካ። እኔ ኮፒ ያደረግኩት ፋይል ላይ «ጥላ፦ 0» ይላል። ሌላው የማዋለጃ ክፍል አለው፣ ሌሊት ሙሉ መብራት ይፈልጋል፤ የመጀመሪያው የለውም። የእኛ አገር ከምድር ወገብ በስተሰሜን ስለሆነች ፓነል በአብዛኛው ወደ ደቡብ ይዞራል፤ የአንዱ ኬላ ቆርቆሮ ግን ምሥራቅና ምዕራብ ነው የሚያየው። ይኼን ሁሉ ያወቅነው ገጣሚዎቹ ቦታው ደርሰው «ማነው ይኼን የሞላው?» ብለው ሲደውሉ ነው።

አሁን የማውቃቸው ጥሩ ሶፍትዌሮች ይኼን ለመለየት ይሞክራሉ። ደንበኛው በራሱ ካርድ ይቀመጣል፤ ፕሮጀክቶቹ ከስሩ። የደንበኛው የሆነው ነገር ከላይ ይጻፋል፤ ውሉ፣ የተስማማንበት ዋጋ፣ የትኛውን ኢንቨርተር እንደመረጥን፣ ለማን ደረሰኝ እንደሚቆረጥ። ይኼ ወደ ታች ቢወርድ ጥሩ ነው፤ አውስትራሊያኖቹ ለ13ቱም ጣቢያ አንድ ዓይነት ዕቃ እንዳደረጉት። የቦታው የሆነው ነገር ግን ከጎን ወደ ጎን መሄድ የለበትም፤ ጥላው፣ ሙቀቱ፣ የጣሪያው አቅጣጫ፣ ሌሊት የሚበራው አምፖል። ዋርካ ኮፒ አይደረግም። ይኼን ድንበር የቱም ሶፍትዌር አንተን ሳይጠይቅ አያውቀውም። ቁልፉን የሚጫነው ሰው ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ እንደ እኔ ያለ አዲስ ተቀጣሪ።

ነገሩ የእኛ ዘጠኝ ኬላዎች ብቻ ቢሆን ባልደከምኩ። ጋቪ እና ዩኒሴፍ በኢትዮጵያ፣ በፓኪስታን፣ በኡጋንዳና በዛምቢያ 1,277 ጤና ተቋማትን በሶላር ለማብራት ፕሮግራም ዘርግተዋል። 1,277 ቀይ ካርቶን አስቡት። ከእያንዳንዱ ካርቶን ጀርባ አንድ ፍሪጅ፣ አንድ ማዋለጃ አልጋ፣ ስልክ ይዛ የምትጠብቅ አንዲት ሠራተኛ አለች።

የእኛዋ ሠራተኛ በአራተኛው ሳምንት ደወለችልኝ። ፍሪጁ በርቷል። «አሁን ሲስተማችሁ ምን ይላል?» ብላ ሳቀችብኝ። መልስ አልነበረኝም፣ አብሬያት ሳቅኩ።

በዚያው ሳምንት አራቱን ደንበኞች አንድ ለማድረግ ተቀመጥን። እኔ፣ ሽያጭ ክፍል ያለው ልጅ፣ አካውንታንታችን፣ እና ክላሴራቸውን ታቅፈው እትዬ። ዘጠኙን ኬላዎች አንድ በአንድ እየጠራን ወደ አንድ ካርድ አስገባን፤ ሁለት ጊዜ የተመዘገበውን ሰረዝን። መጨረሻ ላይ ሶፍትዌሩ አንድ ጥያቄ አቀረበ። ከአራቱ ስሞች የትኛው ይቅር? ክርክር ተነሣ። እኔ «ፀሐይ» ትክክል ነው አልኩ፣ አካውንታንቱ የግዕዝ መምህር የነበሩትን አያቱን እየጠቀሰ «ጸሃይ» አለ። እትዬ ክርክሩን ሰምተው ሲሰለቻቸው ክላሴሩን ከፈቱና ውሉ ላይ ያለውን የደንበኛውን ማኅተም አሳዩን።

«ፀሃይ» ይላል። አምስተኛው።